አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቁት ኪኑዮ ሳን

ኪኑዮ ሳንን ያወቅኋቸው በካኪ ዛፍ ምክንያት ነው።

ያኔ ጃፓን ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። ቶያማ ወደብ አጠገብ፣ ያገለገሉ መኪኖች ታጥበው መርከብ የሚጠብቁበት ግቢ ውስጥ ነበር የምሠራው፤ አሁንም እዚያው ነኝ። እሁድ እሁድ ሥራ ስለሌለ፣ ክፍሌ ውስጥ ተጋድሜ ግድግዳ ከማይ ብዬ፣ አውቶቡስ እየያዝኩ ታሪካዊ ቦታዎችን ማየት ጀመርኩ። የካናዛዋን ግንብ አየሁ። ኪዮቶ ሄጄ ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው ስዞር ዋልኩ፣ ግን ትዝ የሚለኝ ጫማ ማውለቅና ማሰር ብቻ ነው። ከሰዉ ብዛት የተነሳ ያየሁት የሰው ጀርባ ነው። ከዚያ አንድ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ "ተራራው ውስጥ ኦኩዳኒ የሚባል መንደር አለ፣ የድሮ የሳር ቤቶች አሉበት፣ እሱን እይ" አለኝ። የሳር ቤት ለእኔ ምኑ ብርቅ ነው ብዬ ሳቅሁ። ሄድኩ ግን።

ስደርስ ደነገጥኩ። ቤቶቹ እንደኛ ጎጆ ክብ አይደሉም። ክዳናቸው ሁለት መዳፍ ለጸሎት ሲገጥም እንደሚሆነው ነው፣ ሽቅብ ሾሎ ቁልቁል እስከ ደረት ይወርዳል። ሳሩን ጠጋ ብዬ ሳየው የኛው ሰንበሌጥ ነው፣ ወይም የሰንበሌጥ የቅርብ ዘመድ። ቆሜ አፌን ከፍቼ ሳይ፣ ከአንዱ ግቢ ውስጥ፦

"አንተ ረጅሙ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል አንዲት ወገባቸው የጎበጠ አሮጊት ቅርጫት ይዘው ካኪ ዛፍ ሥር ቆመዋል። ካኪ ብርቱካን የሚመስል ጣፋጭ ፍሬ ነው፣ በመከር ጊዜ ቅጠሉ ረግፎ ፍሬው ብቻ ዛፉ ላይ ይቀራል።

"እግዜር ይኼን ሁሉ ቁመት የሰጠህ ለጌጥ ነው? ና አውርድልኝ!"

ወጣሁና አወረድኩ። አንድም ሳላስቀር ለቀምኩና በኩራት ቅርጫቱን ሳስረክባቸው፣ ወደ ላይ አይተው ጮኹ።

"የላይኛዋስ? ያቺ ጫፍ ላይ የነበረችው?"

"እሷንም አምጥቻለሁ ባቻን።" ባቻን አያቴ እንደማለት ነው፣ መጀመሪያ ከለመድኳቸው ቃላት አንዱ።

"የወፎቹ ናት እኮ! እናንተ አገር ወፍ የለም?"

አንድ ፍሬ ለወፍ ይተዋል ለካ። ይቅርታ ብል "ይቅርታህን ወፍ አይበላውም" አሉኝ። ክር አምጥተው "በል ውጣና እሰርልኝ" ሲሉ የቀልድ መስሎኝ ነበር። የምራቸውን ነው። ዛፉ ላይ ወጥቼ ፍሬዋን በክር ሳስር፣ ጎረቤታቸው ፉሳኤ አጥሩ ላይ ተደግፋ "ኪኑ ቻን፣ ይኼን ከየት አመጣሽው? አሁን ደግሞ ፍሬ የሚሰፋ ሰው መጣ!" እያለች በሳቅ ልትሞት ደረሰች። ስም ላይ ሳን ሲጨመር አክብሮት ነው፣ ቻን ሲጨመር ቁልምጫ። ፉሳኤም አሮጊት ናት፣ ግን መንደሩ ውስጥ እሷን አንቱ የሚላት የለም፣ እሷም አትወድም።

በዚያው ለመድኳቸው። እሁድ ሲመጣ ሌላ ታሪካዊ ቦታ መፈለግ ተውኩና ኦኩዳኒ መሄድ ሆነ ሥራዬ።

ኪኑዮ ሳን ከወንዙ በታች ካለ መንደር በልጅነታቸው ተድረው የመጡ ናቸው። ባላቸው ሴይኪቺ ሳን ክዳን ከዳኝ ነበሩ፣ እኔ አልደረስኩባቸውም። ልጃቸው ሃሩሂኮ ናጎያ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ይሠራል። እሳቸው ብቻቸውን ያን የሚያህል ቤት ይጠብቃሉ። ጠዋት ሲነሱ የመጀመሪያ ሥራቸው መሀል ቤት ያለውን ምድጃ ማንደድ ነው። ሰው ቢኖርም ባይኖርም፣ ቢበርድም ቢሞቅም ያነዱታል። ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ሳሩን ካላጠነው ክዳኑ ነቀዝ ይበላዋል፣ ይበሰብሳል። "እኔ እኮ ለዚህ ቤት ሚስቱ ነኝ፣ ምግብ የማበላው እኔ ነኝ" ይሉኝ ነበር ዓይናቸው በጭስ እያለቀሰ።

ክዳኑ ግን አርጅቷል። አንደኛው ጎኑ አረንጓዴ ሽበት አውጥቷል፣ ጓዳው በኩል ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ይደረጋል።

እዚያ መንደር ክዳን በወንፈል ነው የሚከደነው። እነሱ ዩኢ ይሉታል፣ ነገሩ ግን ወንፈል ነው፣ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። ዛሬ መንደሩ በሙሉ ያንተን ይሠራል፣ ነገ አንተ የሌላውን ትሠራለህ። ልዩነቱ "ነገ" የሚሉት የሰው ዕድሜ የሚያህል መሆኑ ነው። አንድ ክዳን ከተሠራ በኋላ ተራው ዞሮ እስኪመጣ፣ ሕፃን የነበረው ልጅ ወልዶ ይጠብቃል። ሴይኪቺ ሳን የሰውን ሁሉ ክዳን ሲሠሩ ኖረው የራሳቸው ቤት ተራ ሳይደርስ ሳምባቸው ታሞ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ኪኑዮ ሳን ክዳን ላይ መውጣት ባይችሉም፣ ሰንበሌጥ በማሰርና ለሠራተኛው ምግብ በማብሰል ቤታቸውን ወክለው አንድም ቀን ሳይቀሩ ኖሩ።

"የምጠብቀው አንድ ነገር ነው" አሉኝ አንድ ቀን ምድጃው ዳር። "ክዳኑ ይታደስልኝና፣ አስከሬኔ በዚህ በር ይውጣ። ሃሩሂኮ ከዚያ በኋላ ቢፈልግ ይሽጠው፣ ቢፈልግ ያቃጥለው።"

"ተራዎ መቼ ነው?"

"የሚመጣው ዓመት።" ይኼን ሲሉ እንደ ልጅ ነበር ፊታቸው።

አንድ ነገር ደግሞ መናገር አለብኝ፣ ያለሱ የሆነው ነገር አይገባም። መጀመሪያ ሰሞን መንደሪን በከረጢት ገዝቼላቸው ሄድኩ። "ኧረ አይሆንም፣ ለእኔ ብለህ፣ አንተ ብላው" አሉኝ። እኔም አልፈለጉም ብዬ ይዤው ተመለስኩ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስደርስ ፉሳኤ እያለከለከች ደረሰችብኝ።

"የምርህን ይዘኸው ትሄዳለህ እንዴ? ጅል! ከጠዋት ጀምሮ ምን ያመጣልኝ ይሆን ስትል ነበር እኮ!"

"አልፈልግም አሉኝ እኮ።"

"አንዴ ነዋ ያለችህ! አንዴ ማለት ገና ሰላም ማለቷ ነው። ሁለተኛ ስትላት 'እንዴት ብዬ' ትላለች፣ ሦስተኛ ስትላት ትወስዳለች። ማን ነው ያሳደገህ?"

እኔም ሳቅሁ። ያሳደገኝማ በሞቴ የሚል ሰው ነበር። እኛ ጋ ሰው "ጠግቤያለሁ" ሲል የሚያምነው የለም፣ በሞቴ እያለ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ይኼ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ኪኑዮ ሳን እምቢ ሲሉኝ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ እደግማለሁ፣ እሠልሳለሁ።

በዚያ ዓመት መከር ከመንደሩ ሰው ጋር ሰንበሌጥ ለማጨድ ወጣሁ። ሰንበሌጡ ጥሩ አልሆነም። አውሎ ነፋስ አስተኝቶት፣ ግማሹ ጭቃ ነክቶት ተጣለ። ሲከመር ሁሉም ሰው በዓይኑ ለካው፤ ለአንድ ቤት እንጂ ለሁለት አይበቃም። አንዱ የኪኑዮ ሳን ቤት ነው። ሌላው የመንደሩ ሰብሳቢ የኡራታ የወንድም ልጅ ቤት ነው፣ እንግዳ ያሳድርበታል፤ ፈረንጅ በአውቶቡስ እየመጣ ምድጃ ዳር ሩዝ በልቶ የሚያድርበት። የእሱም ክዳን አርጅቷል። ተራው ግን ከኪኑዮ ሳን በኋላ ነው፣ ይኼን የማያውቅ የለም፤ ተራውን አንዴ የለቀቀ ደግሞ ዞሮ እስኪደርሰው ይጠብቃል።

ኡራታ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። እጄ አልጽፍ አለኝ።

አዲስ ዓመት እንዳለፈ የመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። እኔም ሰንበሌጥ ስላጨድኩ ና ተባልኩ። የውጭ ሰው ነኝና በሩ አጠገብ፣ ጫማው በተደረደረበት በኩል ተቀመጥኩ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው እኔ ጋ ነው። ሁሉም ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ተቀምጧል። ኪኑዮ ሳን ጥቁሯን ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው መጥተዋል። ፉሳኤ "ሙሽራ መስለሽ ነው የመጣሽው" ብላ ስትቀልድባቸው ሰምቻለሁ።

ኡራታ ጉሮሮውን ጠርጎ በለስላሳ ድምፁ ጀመረ።

"ኪኑዮ ሳን፣ ተራው የእርስዎ ቤት ነው። በበልግ ክዳኑን እንሥራልዎት ወይ?"

ኪኑዮ ሳን ግንባራቸው ምንጣፉን እስኪነካ ጎነበሱ።

"ኧረ በፍጹም! ለእኔ ለአንዲት አሮጊት ብላችሁ ይኼን ሁሉ ሰው ማስቸገር… እኔ ምን ቀረኝ? ኧረ ለሌላ ይሁን።"

እንደጎነበሱ ቀሩ። እኔም ልቤ ሞቅ አለ፣ ምክንያቱም አሁን የሚመጣውን አውቀዋለሁ። አሁን ኡራታ "ምን ማለትዎ ነው፣ ሴይኪቺ ሳን የኛን ሁሉ ቤት ሠርተው" ይላል። እሳቸው "እንዴት ብዬ" ይላሉ። ከዚያ ሁሉም ሰው አንድ ላይ "እባክዎ፣ እባክዎ" ይላል፣ እሳቸውም አልቅሰው እሺ ይላሉ። ከመከር በፊት የሌላ ሰው ተራ ሲወሰን እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ።

ኡራታ ወረቀቱን ገለበጠ።

"እናመሰግናለን። ትልቅ ልብ ነው ያለዎት። እንግዲህ ወደሚቀጥለው ቤት እንለፍ።"

ወንዶቹ ሁሉ ጉልበታቸውን ያያሉ። ኪኑዮ ሳን አንገታቸውን አላቀኑም። እየጠበቁ ነው። የሰሙ አልመሰለኝም፣ ወይም ሰምተው ጆሮአቸውን አላመኑም።

ፉሳኤ ፈነዳች። "ኡራታ! ምንድነው ይኼ? ሁለተኛ ጠይቃት እንጂ!"

"ፉሳኤ ሳን፣ ኪኑዮ ሳን ሕፃን አይደሉም፣ የሚሉትን ያውቃሉ" አለና ወደ እሳቸው ዞረ። ድምፁን ይበልጥ አለሰለሰው። "ኪኑዮ ሳን፣ ያሉት ከልብዎ አይደለም እንዴ?"

አሁን ምን ይበሉ? ከልቤ አይደለም ቢሉ፣ በሰው ሁሉ ፊት ውሸታምም ለማኝም ሊሆኑ ነው። ቀስ ብለው ቀና አሉ። ግንባራቸው ላይ የምንጣፉ መስመር ታትሟል።

"ከልቤ ነው" አሉ።

አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ሻይ ቅዳ ተብዬ ሻይ ቀዳሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ በረዶ ነበር፣ ኪኑዮ ሳንን ክንዳቸውን ይዣለሁ። ፉሳኤ ከኋላ እየተራገመች ትከተላለች። "አባቱ እንኳን እንዲህ አይነት እባብ አልነበረም! እኔ አፍንጫውን የጠረግኩለት ሰውዬ! እኔ እኮ…"

ኪኑዮ ሳን ቆሙ። "ፉሳኤ፣ አፍሽን ዝጊ።"

"ምን?"

"አንቺ ዝም ብትይ ኖሮ ቆይቶ ይጠይቀኝ ነበር። ሰው እንዲያስብበት ጊዜ አይሰጠውም? በሰው ፊት ለመንሽልኝ።"

ፉሳኤ ዞራ ሄደች። ሁለቱ አጥር ለአጥር እየተያዩ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ አልተነጋገሩም። ቆይቶ ይጠይቃቸው እንደነበር ኪኑዮ ሳን ያመኑ አይመስለኝም። ግን የሚቆጡበት ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፣ ኡራታን ደግሞ መቆጣት አይቻልም፣ ምንም አላጠፋማ። በወጉ ጠይቋል።

በልግ ደረሰ፣ የኡራታ ወንድም ልጅ ቤት ተከደነ። እኔ አልሄድም ብዬ ነበር። ኪኑዮ ሳን ናቸው "ወንፈል ነው፣ አይቀርም" ብለው ያመጡኝ። እሳቸው ከሌሊቱ ሩዝ ቀቅለው፣ ድብልብል ሠርተው፣ በትልቁ ብረት ድስት ነጭ ሥራሥር ሚሶ ከሚሉት የአኩሪ አተር እርሾ ጋር ቀቅለው መጥተዋል። ክዳኑ ላይ ወንዶቹ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ሰንበሌጥ ይቀባበላሉ፣ ከታች ሴቶቹ ያስራሉ። የሚያምር ነገር ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። እኔ ራሴ እንደ እንግዳ አገሩን ልይ ብዬ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ፎቶ አንስቼ ለቤተሰቤ እልክ ነበር።

እንግዶች በአውቶቡስ መጥተው ያነሱ ነበር። አስጎብኚያቸው በድምፅ ማጉያ "እዚህ መንደር ሰው ሰውን አይተውም" ይላቸዋል። ከመሀላቸው አንዷ ፈረንጅ ወደ ኪኑዮ ሳን መጥታ በምልክት አብረን ፎቶ እንነሳ አለቻቸው። ኪኑዮ ሳን ጭልፋውን እንደያዙ ቆሙና ተነሱ። ሳቅ በሉ ሲባሉም ሳቁ።

ሾርባው ላይ ሁሉም "የኪኑዮ ሳን እጅ አይለወጥም!" እያለ አመሰገነ። ማንም ግን ዓይናቸውን አላየም።

ኡራታ ሳህኑን ይዞ አጠገቤ ሲቀመጥ አላስቻለኝም።

"ያውቁ ነበር አይደል? ሁለተኛ ቢጠይቋቸው እሺ እንደሚሉ?"

ረጋ ብሎ አኘከ። "ጃፓንን በደንብ አጥንተሃል፣ ጎበዝ" አለኝ። አጠገባችን ያሉት ሳቁ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፦ "እኔ በወጉ ጠየቅኳት። እሷም በወጉ መለሰችልኝ። ልጇ አይመጣም። ብንከድነው ለማን ነው የምንከድነው? ይኼኛው ቤት ግን ለመንደሩ እንጀራ ነው።"

"ይኼን ለምን ፊት ለፊት አልነገሯቸውም?"

"ለአሮጊት እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ይነገራል?" አለኝ፣ ከልቡ ደንግጦ። የምሩን ነበር። ያሳዘነኝም እሱ ነው። ሰውዬው ደግ የሠራ መስሎታል።

በዚያ ክረምት በረዶው ከባድ ሆነ። የኪኑዮ ሳን ቤት በጓዳው በኩል ክዳኑ ተቀደደና በረዶው ድስቱና ሳህኑ ላይ ገባ። ማንም አልተጎዳም። የመጀመሪያዋ የደረሰችው ፉሳኤ ናት፣ አካፋ ይዛ፣ ተኮራርፈው እንደነበር ረስታ። "ኪኑ ቻን! ኪኑ ቻን ወዴት ነሽ!" እያለች። አገኘቻቸው፣ ምድጃው ዳር ተቀምጠው እሳት እያነደዱ። ጭሱ በቀዳዳው እየወጣ ይሄዳል።

ሃሩሂኮ ከናጎያ የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። አባቱ የሰውን ክዳን ሲሠሩ ኖረው በሞቱበት መንደር ምንም ላለመናገር ጥርሱን ነክሶ ዕቃ ጫነ። ኡራታና የመንደሩ ሰው ሁሉ ለመሸኘት ወጥቶ በረዶ ላይ ተሰልፎ ጎነበሰ። ኪኑዮ ሳን መኪናው ውስጥ ሆነው እሳቸውም ደጋግመው ጎነበሱላቸው። ከቤታቸው በር የወጡት በእግራቸው ነው፣ እንዳሰቡት ሳይሆን።

ቤቱ አሁን ሰማያዊ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። እሳት የሚያነድበት የለም። እንግዶች ፎቶ ሲያነሱ እንዳይገባባቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ።

ኪኑዮ ሳን ታች ከተማው ውስጥ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለአረጋውያን ባሠራው ፎቅ አንድ ክፍል ተሰጣቸው። ምድጃ የለም፣ በቁልፍ የሚሞቅ ግድግዳ ነው ያለው። ባለፈው ወፍራም የሱፍ ሹራብ ገዝቼ ሄድኩ። በሩ ላይ ሆኜ እንደለመድኩት ለክርክር ተዘጋጅቼ፦

"ባቻን፣ ትንሽ ነገር ናት፣ እባክዎ…" ብዬ ገና ሳልጨርስ፦

"አምጣ" አሉኝና ተቀበሉኝ።

እጄ ባዶ ቀረ። ቆሜ ሁለተኛውን ልል፣ ሦስተኛውን ልል፣ የሚባል ነገር የለም። ሹራቡን ሳይገልጡት ጭናቸው ላይ አድርገው "ግባ፣ ብርድ ይገባል" አሉኝ። እንደዚያ ሆነው ከማያቸው፣ ይውሰዱልኝ ብዬ ስለምናቸው ብውል ይሻለኝ ነበር።

ወደዚያ አገር የሚሄድ ሰው ካለ፣ ተራራውን ለማየት መሄዱ አይቀርም፣ ይሂድ፣ ያምራል። ግን አውቶቡሱ ተራራውን ከመውጣቱ በፊት ከተማው ሆስፒታል ጋ ይቆማል። እዚያ ውረዱ። ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ግራጫ ፎቅ ነው፣ ኪኑዮ ሳን ከታች ምድር ቤቱ ላይ ናቸው፣ በራቸው ላይ ኢዋሴ የሚል የቤተሰብ ስማቸው ተጽፏል። ማክሰኞ ማክሰኞ ፉሳኤ ከተራራው ወርዳ ትመጣለች፣ እሷ ካለች ስትስቁ ነው የምትውሉት። በሌላው ቀን ብቻቸውን ናቸው። ቋንቋ ባታውቁ ግድ የለም፣ ረጅም ከሆናችሁ ከቁምሳጥኑ ላይ የሚወርድ ነገር አይጠፋም። እባካችሁ ሂዱና እዩዋቸው።